ሄፓታይተስ ሲ ካለበት ለጋሽ ኩላሊት መቀበል፦ አንድ ጥያቄና የተከተለው ረጅም ክርክር

ጥያቄውን ያቀረበችው ታላቅ ወንድሟ በኩላሊት እጥበት ላይ ዓመታትን ያሳለፈባት ሴት ናት። የንቅለ ተከላ ማዕከሉ ሐኪሞች ወንድሟን ጠርተው፣ ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ከነበረበት ሟች ለጋሽ የተገኘ ኩላሊት ቢመጣ ለመቀበል ፈቃደኛ መሆን አለመሆኑን በፊርማው እንዲያሳውቅ ጠይቀውታል። እሱ ራሱ ቫይረሱ የለበትም። ሐኪሞቹ ቫይረሱ ከኩላሊቱ ጋር አብሮ ወደ እሱ መግባቱ እንደማይቀር ሳይሸሽጉ ነግረውታል፤ ከዚያ በኋላ ግን በሚዋጥ መድኃኒት እንደሚድን አረጋግጠውለታል። ጠያቂዋ ማወቅ የፈለገችው ሁለት ነገር ነው። ጉበቱ ጤነኛ የሆነን ሰው እያወቁ በሽታ ማስያዝ እንዴት ሕክምና ሊባል ይችላል? ወንድሟ ይህን አልፈልግም ብሎ ከቫይረሱ ነፃ ነው የሚባል ኩላሊት ቢጠብቅስ፣ ነፃ መባሉ ምን ያህል የሚታመን ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ በመጀመሪያዎቹ ምላሾች ተዘንግቶ ነበር፤ ለእኔ ግን ከሁለቱ የሚከብደው እሱ ነው። ምላሾቹን በመጡበት ቅደም ተከተል እተርካለሁ።

1ኛው ምላሽ አጭርና ቁርጥ ያለ ነበር። ጸሐፊው በሽተኛን በሌላ በሽታ መካስ የሚባል ነገር እንደማይገባው፣ በእሱ ቦታ ቢሆን ወረቀቱን እንደማይፈርም ገልጾ አበቃ።

2ኛውን ምላሽ የሰጠችው በንቅለ ተከላ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። ጠያቂዋን እህቴ ብላ በትሕትና ካነጋገረች በኋላ፣ ፈቃደኝነቱ ተጨማሪ በር የሚከፍት እንጂ ሌላውን በር የሚዘጋ አለመሆኑን አስረዳች። ወንድምየው ቢፈርምም ከቫይረሱ ነፃ የሆነ ኩላሊት ከደረሰው ያንኑ ይቀበላል፤ ባይፈርምም ከተጠባባቂዎች መዝገብ አይሰረዝም። የመፈረሙ ጥቅም ምናልባት ቶሎ ሊደርሰው መቻሉ ነው፤ በእጥበት ላይ የሚያልፍ እያንዳንዱ ዓመት ደግሞ ልብንና የደም ሥርን የሚጎዳ በመሆኑ መጠበቅም የራሱ አደጋ አለው። በመጨረሻ አንድ ምክር አከለች፦ ከመፈረሙ በፊት የመድኃኒቱን ወጪ ማን እንደሚሸፍንና መድኃኒቱ በስንተኛው ቀን እጁ እንደሚገባ በግልጽ ይጠይቅ።

3ኛው ምላሽ ታሪኩን ወደ ኋላ ሄዶ ያብራራ ሲሆን፣ ከረጃጅሞቹ ሁሉ በጥንቃቄ የተጻፈው ይኸው ይመስለኛል። ጸሐፊው ጡረታ የወጡ የጉበት ሐኪም መሆናቸውን ገልጸዋል። ቫይረሱ በ1989 ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ በሽታው ኤም ቢም ያልሆነ ሄፓታይተስ ከመባል በቀር የራሱ ስም አልነበረውም፤ ለዚህ ግኝት ሃርቬይ ኦልተር፣ ማይክል ሃውተንና ቻርልስ ራይስ በ2020 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የደም ምርመራው በተጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቫይረሱ ከለጋሽ ወደ ተቀባይ ከአካሉ ጋር እንደሚተላለፍ ተረጋገጠ። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕክምና ኢንተርፌሮን ነው። ይህ መድኃኒት የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚቀሰቅስ በመሆኑ፣ ኩላሊት በተተከለለት ሰው ላይ ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዲያጠቃ ሊያደርግ ይችል ነበር። ስለዚህ ቫይረሱ ያለበት ኩላሊት ወይ ይጣል ነበር፣ ወይ ቀድሞውኑ ቫይረሱ ላለበት ተቀባይ ብቻ ይሰጥ ነበር። ይህን የለወጡት በቫይረሱ ላይ በቀጥታ የሚሠሩ ክኒኖች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሶፎስቡቪር በአሜሪካ የተፈቀደው በ2013 መጨረሻ ነው፤ በ2016 እና በ2017 ደግሞ ሁሉንም የቫይረሱን ዝርያዎች የሚያጠቁ ጥምር መድኃኒቶች ተከተሉ። በ8 ወይም በ12 ሳምንት ሕክምና ከ100 ታካሚዎች ከ95 የሚበልጡት ይድናሉ።

4ኛው ምላሽ 1ኛውን ለማረም የተጻፈ ነው። ኤችአይቪ ዘረመሉን ከሰው ሴል ዘረመል ጋር ያዋሕዳል፤ ሄፓታይተስ ቢም በሴሉ አስኳል ውስጥ ለዘለቄታው የሚሸሸግበት መንገድ አለው። ሄፓታይተስ ሲ ግን አርኤንኤ ቫይረስ በመሆኑ ወደ አስኳሉ ሳይገባ ከውጭ ይባዛል፤ መባዛቱን ማስቆም ከተቻለ ተመልሶ የሚነሣበት መደበቂያ የለውም። በሽታ ማስያዝ የሚለው አነጋገር ሦስቱን ቫይረሶች አንድ አድርጎ ከማየት የመጣ ነው ሲል ደመደመ። እርማቱ ትክክል ቢሆንም ድምፁ ትንሽ ከፍ ያለ ነበር፤ 1ኛው ጸሐፊም የፈራው ቫይረሱን ብቻ እንዳልሆነ ወደኋላ ይታያል።

5ኛው ምላሽ የገጠመውን የሚናገር ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ኩላሊት ከተቀበለ ዓመታት አልፈዋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ቫይረሱ በደሙ ታየ፤ ክኒኑን ለ12 ሳምንት ወሰደ፤ ከጨረሰ ከ3 ወር በኋላ በተደረገለት ምርመራም ቫይረሱ ጠፍቶ ተገኘ፤ መዳን የሚባለውም ይኸው ነው። ያስጨነቀው በሽታው አልነበረም። መድኃኒቱ እስኪፈቀድለት ድረስ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተባቸው ቀናት ናቸው፤ ቫይረሱ በደሙ እየጨመረ መሆኑን እያወቀ ፊርማ ይጠብቅ ነበር። ዛሬም ሰውነቱ ቫይረሱን ለመከላከል የፈጠረው ፀረ እንግዳ አካል በደሙ ስላለ አዲስ ሐኪም ባየው ቁጥር በሽታው እንዳለበት ይቆጠራል፣ እሱም ታሪኩን ከሥር ጀምሮ ይተርካል።

6ኛው ምላሽ ከዚሁ ተነሥቶ ጥሩ ጥያቄ አነሣ። የዳነ ሰው ፀረ እንግዳ አካሉ ዕድሜ ልኩን ከቀረ፣ ስለ አንድ ሟች ለጋሽ ታሟል ወይስ ድኗል የሚለው በምን ይለያል?

7ኛው ምላሽ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ጠያቂዋ ሁለተኛ ያቀረበችውን ጥያቄ ያስታወሰውም እሱ ነው። ምርመራው ሁለት ዓይነት መሆኑን አስረዳ። አንደኛው ሰውነት ለቫይረሱ የሰጠውን ምላሽ፣ ማለትም ፀረ እንግዳ አካሉን ይፈልጋል፤ ሁለተኛው የቫይረሱን ዘረመል በቀጥታ ይፈልጋል። ሁለቱም አዎንታዊ ከሆኑ ለጋሹ ቫይረሱን ተሸክሞ ሞቷል። ፀረ እንግዳ አካሉ ኖሮ ዘረመሉ ከሌለ በሕክምና ወይም በራሱ ድኗል፤ ያለ መድኃኒት በራሳቸው የሚድኑም አሉና። ከእንዲህ ዓይነቱ ለጋሽ የመተላለፍ ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው። አሳሳቢው ሦስተኛው ነው፦ በቅርቡ የተያዘ፣ ፀረ እንግዳ አካል ገና ያልፈጠረ፣ ደሙ ግን በቫይረስ የተሞላ ለጋሽ። ፀረ እንግዳ አካል በምርመራ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 11 ሳምንት ይወስዳል፤ የዘረመል ምርመራው ግን ይህን የመስኮት ጊዜ ወደ አንድ ሳምንት ገደማ ያወርደዋል። ከመሞቱ በፊት ብዙ ደምና ፈሳሽ የተሰጠው ለጋሽም ደሙ ስለሚቀጥን ምርመራው ሊሳሳት ይችላል፤ በመሆኑም ናሙናው ደም ከመሰጠቱ በፊት የተወሰደ መሆኑ ይመረጣል።

ይህን ለማሳየት የጠቀሰው በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት የደረሰውን ነው። በ2000 የሞተ አንድ ለጋሽ በፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ነፃ ተባለ፤ አካሎቹና ሕብረ ሕዋሶቹም ለ40 ሰዎች ተሰጡ። ነገሩ የታወቀው በ2002 ነው፤ ጅማት የተተከለለት አንድ ታካሚ በሄፓታይተስ ሲ መታመሙን ያየ ሐኪም ጥርጣሬውን ስላመለከተ የለጋሹ የተቀመጠ ደም እንደገና ሲመረመር የቫይረሱ ዘረመል ተገኘበት። ቀድሞ ቫይረሱ እንዳልነበረባቸው ታውቆ ከተመረመሩት 30 ተቀባዮች 8ቱ ተይዘው ነበር። ሙሉ አካል የተቀበሉት 3ቱም ተይዘዋል፤ ከአጥንት ጋር ጅማት የተቀበሉት 3ቱም እንዲሁ። በጨረር የታከመ አጥንት ከተቀበሉት 16 ሰዎች ግን አንድም አልተያዘም። እኔ ከዚህ ሁሉ ያልዘነጋሁት የመሐሉን ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ተቀባዮች ታመው ሳለ ማንም ከለጋሹ ጋር ስላላያያዘው ሕብረ ሕዋሱ ከማቀዝቀዣ እየወጣ መሰጠቱን ቀጥሏል።

እዚህ ላይ የውይይቱ ጠባይ ተለወጠ። 8ኛው ምላሽ ባለሙያውን በማስፈራራት ወቀሰው፤ ያረጀ ታሪክ እየመዘዙ ሞት ደጃፋቸው ላይ ያለ ሰዎችን ከንቅለ ተከላ ማሸሽ ኃላፊነት የጎደለው ነው አለ። 9ኛው ምላሽ የባለሙያው መልስ ነበር። በ2007 ቺካጎ ውስጥ ከአንድ ለጋሽ 4 ሰዎች ኤችአይቪንም ሄፓታይተስ ሲንም በአንድ ላይ መያዛቸውን፣ ለጋሹ በፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ነፃ ተብሎ እንደነበር፣ በአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት በ2013 ባወጡት መመሪያ የሄፓታይተስ ሲ የዘረመል ምርመራ ለሁሉም ለጋሾች እንዲደረግ የመከሩትም ከእንዲህ ዓይነት ጉዳት በኋላ መሆኑን ገለጸ። ታሪኩ ያረጀው ምርመራው ስለተሻሻለ ነው፣ ምርመራው የተሻሻለውም ታሪኩ ስለተነገረ ነው ማለቱ ነበር። በዚህ ማለፍ ይቻል ነበር፤ 8ኛው ጸሐፊ ግን በ10ኛው ምላሽ ተመልሶ መጣ። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ሲባባሉ የቆዩት ሁለቱ ሰዎች በዚህ ምላሽ ወደ አንተ ወረዱ፤ ነጥቡም ከለጋሽ ምርመራ ወጥቶ ላቦራቶሪ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ስለ ታካሚ ምን ያውቃል ወደሚል ዞረ። 11ኛውና 12ኛው ምላሾች ሁለቱን ለማስታረቅ የተጻፉ ስለሆኑ አልፋቸዋለሁ።

በ13ኛው ምላሽ አንድ ሰው ስለ ንቅሳት መርፌና ስለ ሄፓታይተስ ቢ ክትባት ጠየቀ። ከጉዳዩ የራቀ ቢመስልም 14ኛው ምላሽ ወደ መሥመሩ መለሰው። ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ፤ ለሲ እስካሁን የለም። ከዚህም በላይ የሄፓታይተስ ሲ ክኒኖች ተኝቶ የቆየ ሄፓታይተስ ቢን ሊቀሰቅሱ እንደሚችሉ በመታወቁ በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው በ2016 በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲሠፍር አድርጓል። ስለዚህ የጠያቂዋ ወንድም ከመፈረሙ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ማድረግ አለበት፤ ነፃ ከሆነና ካልተከተበም ይከተብ።

15ኛው ምላሽ የመጀመሪያው ጸሐፊ መመለስ ነው፤ በዚህ ጊዜ ረዘም አድርጎ ጻፈ። ቫይረሱ እንደሚድን ገብቶታል። ያልገባው የፈቃዱ ጉዳይ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከማሽን ጋር የሚታሰር ሰው ወረቀት ሲቀርብለት እምቢ የማለት አቅም አለው ወይ? ወረቀቱን የሚያቀርበውስ ኩላሊቱ እንዳይጣል የሚፈልገው ያው ማዕከል አይደለም ወይ? ነርሷ በ16ኛው ምላሽ ተቆጥታ መለሰች፤ የሥራ ባልደረቦቿ ሰው እንደሚያታልሉ ተቆጥሮባታል። ፈቃዱ አካሉ ከመምጣቱ በፊት፣ በተረጋጋ ጊዜ የሚጠየቀው፣ ኩላሊቱ በመጣ ሰዓትም ደግሞ የሚረጋገጠው ለዚሁ ነው አለች፤ ታካሚው በማንኛውም ሰዓት ሐሳቡን መለወጥ እንደሚችልም አከለች። እኔ እዚህ ላይ 1ኛውን ጸሐፊ የተነቀፈውን ያህል አልነቅፈውም። የፈቃድ ወረቀት ዋጋ የሚኖረው እምቢታው የማያስቀጣ ሲሆን ነው፤ ነርሷ በ2ኛው ምላሽ ያለችው፣ ባይፈርምም ከመዝገቡ አይሰረዝም የሚለው ቃል ከየትኛውም ማብራሪያ የበለጠ መልስ ይሆነው ነበር፤ በቁጣዋ መካከል ረሳችው።

17ኛው ምላሽ ክርክሩን በጥናት ለመፍታት ሞከረ። በ2017 የታተመው የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሙከራ ቫይረሱ ለሌለባቸው 10 ሰዎች ቫይረሱ ያለበት ኩላሊት ተክሎ 10ሩንም አድኗል። በ2019 የታተመው ሌላ ሙከራ ደግሞ ሳንባና ልብ የተተከለላቸው 44 ሰዎች መድኃኒቱን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሰዓታት ውስጥ ጀምረው ለ4 ሳምንት ብቻ እንዲወስዱ አደረገ፤ 42ቱ ቫይረሱ በደማቸው ታይቶ የነበረ ሲሆን፣ ለ6 ወር ክትትል የተደረገላቸው የመጀመሪያዎቹ 35 ሰዎች ሁሉም በሕይወት ነበሩ፣ ቫይረሱም ከደማቸው ጠፍቶ ነበር። ቶሮንቶ ውስጥ የተደረገ ሙከራም አንድ መጠን ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ከዚያ ለ7 ቀን በመስጠት በ30 ተቀባዮች ላይ ሥር የሰደደ በሽታ እንዳይፈጠር ማድረግ ችሏል።

18ኛው ምላሽ ቁጥሮቹን ሳይክድ ሚዛናቸውን ጠየቀ። ጸሐፊው ጡረተኛው ሐኪም ናቸው። በሙከራ ውስጥ መድኃኒቱ ከአልጋው አጠገብ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ በተለመደው ሕክምና ግን 5ኛው ምላሽ እንዳለው ይዘገያል። የተተከለለት ሰው የመከላከል ኃይሉን የሚገቱ መድኃኒቶች ስለሚወስድ ቫይረሱ በፍጥነት ይበዛል፤ አልፎ አልፎም ሐሞት እንዳይፈስ እያገደ ጉበትን በጥቂት ወራት ውስጥ በጠባሳ የሚያጠፋ ከባድ የበሽታው ዓይነት ሊከተል ይችላል። ይህ ብርቅ ነው፣ የሚያጠቃውም አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው የዘገየባቸውን ነው። የተረጋገጠ ቫይረስ ያለበት ኩላሊት በወቅቱ በሚደርስ መድኃኒት ሲታጀብ፣ ሳይታወቅ ከሚያልፍ ቫይረስ ይልቅ ብዙ እጥፍ የሚያስተማምን መሆኑን ግን አልሸሸጉም። እኔም የሁለቱ ጥያቄዎች መገናኛ እዚሁ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ ኦሪገን ላይ ሰዎችን የጎዳው ቫይረስ ቶሮንቶ ላይ በአንድ ሳምንት ክኒን የታገደው ያው ቫይረስ ነው፣ ልዩነቱ አስቀድሞ መታወቁ ነው።

19ኛው ምላሽ የመድኃኒት ባለሙያ ነው። የጨጓራ አሲድን የሚቀንሱ መድኃኒቶች፣ ከሄፓታይተስ ሲ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ቬልፓታስቪር ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሳሉ፤ ለልብ ምት የሚሰጠው አሚዮዳሮን ከሶፎስቡቪር ጋር ሲወሰድ ልብን እስከ አደጋ ድረስ ሊያዘገይ ይችላል፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ክኒኖቹን ከጥቅም ውጭ ያደርጋል፤ የመከላከል ኃይልን የሚገታውን ሳይክሎስፖሪን የሚወስድ ደግሞ ከአንዳንዶቹ ጥምር መድኃኒቶች ጋር መቀላቀል የለበትም። ወንድሟ የሚውጠውን ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የገዛውንም ጨምሮ፣ ጽፎ ይያዝ ብሎ አሳሰበ።

20ኛው ምላሽ ከወንድምየው ጋር አንድ ቤት ስለሚኖሩ ሚስቱና ልጆች ጠየቀ። መልሱ በ21ኛው ምላሽ መጣ፦ በሽታው የሚተላለፈው በደም ነው፤ በአንድ ማዕድ በመብላት፣ በመተቃቀፍ ወይም በመሳል አይተላለፍም። ቫይረሱ እስኪጠፋ ድረስ ምላጭ፣ ጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ ለብቻ ይሁን።

22ኛው ምላሽ የጠያቂዋ ነበር። ሁሉንም ካመሰገነች በኋላ ወንድሟ አሁንም እንዳልወሰነ፣ ነገር ግን ለማዕከሉ የሚያቀርባቸውን ጥያቄዎች አብረው እንደጻፉ ገለጸች፦ ክኒኑ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተገዝቶ ይቀመጣል ወይ፣ የመጀመሪያው ሕክምና ባይሠራ ሁለተኛው ወጪ የማን ነው፣ የዘረመል ምርመራው ውጤት ከመተከሉ በፊት ይደርሳል ወይስ በኋላ። አንድ የቀራትንም ጠየቀች። ባይፈርምና ነፃ የተባለ ኩላሊት ቢቀበልስ፣ ከዚያ በኋላ ይመረመራል ወይ?

23ኛውን ምላሽ የላቦራቶሪ ባለሙያው ሰጠ፤ ከክርክሩ በኋላ የጻፈው የመጀመሪያው ነበር፣ እርስዎ ወደማለቱም ተመልሷል። በአሜሪካ በ2020 የወጣው የተሻሻለ መመሪያ ተቀባዮች በሙሉ፣ ለጋሻቸው ማንም ይሁን፣ ከተተከለላቸው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ለሄፓታይተስ ሲ በዘረመል ምርመራ እንዲታዩ ይመክራል። የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ብቻ ቢታዘዝለት አይቀበል፤ የመከላከል ኃይሉ በመድኃኒት የተገታ ሰው ፀረ እንግዳ አካል ለመፍጠር ሊዘገይ ስለሚችል ነፃ የሚል ውጤት ሊያዘናጋው ይችላል። ለንጽጽር እንዲያገለግልም ለቀዶ ሕክምናው ሲገባ፣ ኩላሊቱ ከመተከሉ በፊት፣ የራሱ ደም በዚያው ምርመራ ይታይ።

24ኛው ምላሽ የ8ኛው ጸሐፊ ሲሆን፣ ሁለተኛው ናሙና የሚወሰድበትን ሳምንት ማን እንደሚያስታውስ ጠየቀ። ነርሷ በ25ኛው መለሰች፦ ከሆስፒታል የሚወጣበት ቀን በሚሰጠው የቀጠሮ ወረቀት ላይ ከኩላሊት ሥራ ምርመራው ጎን እንዲጻፍለት፣ ካልተጻፈ ሳይወጣ እንዲያስጽፈው።